እናትን፣ እጮኛን ወይስ ወንድምን? ቤተሰብን ወደ አሜሪካ የማምጫ መንገዶች ሲነጻጸሩ

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ግሪን ካርዱ እጁ በገባ ማግስት የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፦ «መቼ ነው ፕሮሰስ የምትጀምርልን?» ጠያቂው የቱ ቪዛ እንደሚፈጥንና የቱ እንደሚረክስ ማወቅ ይፈልጋል። ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበውም የጎረቤት ልጅ ሚስቱን በስንት ወር እንዳስመጣ ነው። የጎረቤት ልጅ ኬዝ ግን ስለ እናንተ ኬዝ ብዙም አይናገርም። እሱ ሲቲዝን ይሆናል፤ ሚስቱ ልጅ የላት ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ይጋቡ ማዘጋጃ ቤት አታውቁም።

በዚህ ጉዳይ ምርጫውን የሚወስኑት በአብዛኛው ቀኖች ናቸው፦ የሰርጉ ቀን፣ የልጁ የልደት ቀን፣ ዜግነት የተገኘበት ቀን፣ ማመልከቻው የገባበት ቀን። አንዱ ሲዛነፍ የሁለት ዓመቱ መንገድ የአሥር ዓመት ይሆናል፤ ጭራሹን የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ፎርም ከማውረዳችሁ በፊት እነዚህን ቀኖች ወረቀት ላይ ጻፏቸው።

አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የምጠቅሳቸው የኢሚግሬሽን ክፍያዎች በኤፕሪል 2024 ሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ መሠረት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በፕሬዚዳንት አዋጅና በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ለተለያዩ አገሮች ቪዛ መስጠት የሚታገድባቸው ጊዜያት መጥተዋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኢትዮጵያን ሁኔታ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ እዩ። እንዲህ ያለው እገዳ ብዙውን ጊዜ ቪዛውን መስጠት ነው የሚያቆመው፤ የቤተሰብ ማመልከቻ አስገብቶ ወረፋ መያዝን አይከለክልም።

በምን እንመዝን?

አንደኛው መመዘኛ የአመልካቹ ማንነት ነው፦ ሲቲዝን፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይስ አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኘ። ሁለተኛው የሚመጣው ሰው ዕድሜና የትዳር ሁኔታ ነው፤ 21 ዓመት ሞልቶታል? አግብቷል? ሦስተኛው ሰውየው የሚፈልገው ነገር ነው፤ እዚህ መኖር ነው ወይስ አይቶ መመለስ? ይህን ሳይጠይቁ እናታቸውን ግሪን ካርድ ያስያዙ ብዙ ልጆች አሉ። አራተኛው እስከ መጨረሻው የሚወጣው ወጪ ነው፤ የመጀመሪያው ፎርም ክፍያ ብቻውን ያታልላል። አምስተኛው ጥበቃው፣ ስድስተኛው ደግሞ ነገሩ ቢበላሽ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ይህኛውን ማንም አያነሳውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለእሱ ነው።

ለትዳር፦ በፊያንሴ ቪዛ ወይስ ተጋብቶ?

በፊያንሴ ቪዛ፣ ማለትም በኬ-1፣ ማስመጣት የሚችለው ሲቲዝን ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህ በር የለውም። ሁለቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማሳየት አለባቸው፤ በቪዲዮ መተያየት አይቆጠርም። እጮኛዋ አሜሪካ ከገባች በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ይጋባሉ፤ ከዚያ በኋላ ለግሪን ካርድ ታመለክታለች።

ክፍያውን እንደምረው። የፊያንሴ ማመልከቻው አይ-129ኤፍ 675 ዶላር፣ የኤምባሲ ቪዛ 265፣ ከጋብቻ በኋላ የግሪን ካርድ ማመልከቻው አይ-485 1,440። ድምሩ 2,380 ዶላር ነው። ግሪን ካርዱ እስኪመጣ መሥራት ካሰበች ለሥራ ፈቃዱ 260 ይጨመራል። በመሀል አባቷ ቢታመሙ ያለ ጉዞ ፈቃድ ከአገር ብትወጣ ማመልከቻዋ እንደተተወ ይቆጠራል፤ የጉዞ ፈቃዱም የራሱ ክፍያ አለው።

ተጋብቶ ማስመጣት ሲሆን የቤተሰብ ማመልከቻው አይ-130 በኦንላይን 625 ዶላር ነው፤ በወረቀት 675። ከጸደቀ በኋላ የቪዛ ክፍያ 325፣ የስፖንሰር ሰነድ ምርመራ 120፣ በመጨረሻ ግሪን ካርዱን ለማሳተም 235። ድምሩ 1,305 ዶላር ነው። ሚስት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፓስፖርቷ ከተመታበት ደቂቃ ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ናት። በነጋታው ሥራ መጀመር ትችላለች። በሁለቱም መንገድ የሕክምና ምርመራው ለብቻው ይከፈላል፤ የሚካሄደውም ኤምባሲው በፈቀዳቸው ሐኪሞች ዘንድ ብቻ ነው።

ታዲያ ፊያንሴውን የሚመርጥ ለምን ይመርጠዋል? «ይፈጥናል» ስለተባለ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ የወረፋው ልዩነት ግን ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። የሚተርፉት ጥቂት ወራት ደግሞ እዚህ ደርሶ ሥራ ፈቃድ በመጠበቅ ሊያልቁ ይችላሉ። በገንዘብ ሲታይ የፊያንሴው መንገድ ከሺህ ዶላር በላይ ይበልጣል።

በእኛ ባህል ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኬ-1 ገና ላልተጋቡ ሰዎች ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት የተፈጸመውንም ጋብቻ እንደ ጋብቻ ያውቃል። ሽማግሌ ተልኮ ቀለበት ቢታሰር ችግር የለውም። ተክሊል ተደርጎ፣ ወይም ቬሎ ለብሳ፣ ሚዜ ተደርድሮ፣ ምላሽ ተበልቶ፣ ያ ሁሉ ፎቶ ለኬ-1 ማስረጃ ተብሎ ከገባ ግን ቆንስሉ «እናንተማ ተጋብታችኋል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ያኔ ከአይ-130 እንደገና መጀመር ነው፤ የባከነው ጊዜ አይመለስም። ቤተሰቡ ሰርግ ካላየ የማያምን ከሆነ ተጋቡና በትዳር ሂዱበት።

አደጋውም እኩል አይከፋፈልም። በኬ-1 የገባች ሴት ግሪን ካርድ ማግኘት የምትችለው ያስመጣትን ሰው አግብታ ብቻ ነው። ነገሩ ቢበላሽ፣ ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይር፣ ሌላ ሰው አግብታ እዚሁ መቀየር አትችልም። አዲስ አበባ ያላችሁ የሙሽሪት ወላጆች ይህን እወቁት። በትዳር ቪዛ የመጣችው ግን ግሪን ካርዷን ይዛ ነው የገባችው። ሲገቡ ትዳራቸው ሁለት ዓመት ካልሞላው ካርዱ የሁለት ዓመት ቅድመ ሁኔታ ያለበት ይሆናል፤ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ቅድመ ሁኔታውን ለማስነሳት አይ-751 ይገባል። ትዳሩ በቅን ልቦና የተመሠረተ ሆኖ ቢፈርስ እንኳ ብቻዋን የምታመለክትበት መንገድ አለ።

ኬ-1 በግልጽ የሚያሸንፍበት አንድ ሁኔታ ግን አለ። እጮኛዋ ከቀድሞ ትዳር ያመጣችው ልጅ 18 ዓመት ካለፈው በትዳር በኩል የእንጀራ ልጅ ተብሎ አይ-130 ሊገባለት አይችልም፤ ሕጉ ጋብቻው ልጁ 18 ሳይሞላው እንዲፈጸም ይጠይቃል። በኬ-1 ግን ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእናቱ ጋር በኬ-2 መምጣት ይችላል። የ19 ዓመት ልጅ ያላት እጮኛ ካለቻችሁ ሰርጉን አትቸኩሉ። የሦስት ሳምንት እረፍት ወስጄ ሰርጉን ደግሼ ልመለስ የሚል ሰው ይህን ሳያጣራ ልጁን አገር ቤት ጥሎት ሊቀር ይችላል።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላቸው፦ አሁን ማስገባት ወይስ ሲቲዝን እስኪሆኑ መጠበቅ?

የትዳር ጓደኛና ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ያላገባ ልጅ በግሪን ካርድም ይመጣል፤ ምድቡ ኤፍ2ኤ ይባላል። በዓመት የሚሰጠው ቪዛ ስለተገደበ ወረፋ አለው፤ ጥበቃው ከዓመት ወደ ሦስት ዓመት ሲወዛወዝ ኖሯል። የሲቲዝን ሚስት ወይም ባል ግን በቁጥር ገደብ አይያዝም።

ብዙ ሰው «ሲቲዝን ልሁንና አስገባለሁ» ይላል። አልመክረውም። አሁን ካስገባችሁ ወረፋው ከዛሬ ይቆጠራል፤ ሲቲዝን ስትሆኑ ያው ማመልከቻ ወደ ላይኛው ምድብ ይሸጋገራል። የቀደመ ሰው የሚያጣው ነገር የለም። የዜግነት ማመልከቻ ግሪን ካርድ ከተያዘ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከ 90 ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ይፈቀዳል። በስደተኛነት የገባ ሰው ግሪን ካርዱ ላይ የሚጻፍለት አገር ውስጥ የገባበት ቀን ነው። አሳይለም ያገኘ ደግሞ ግሪን ካርዱ ከመጽደቁ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይቆጠርለታል። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ አንድ ዓመት ተጨማሪ ይጠብቃሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በኤፍ2ኤ ለሚስት የገባ ማመልከቻ ልጆቿን አብሮ ይይዛል። ባልየው ሲቲዝን የሆነ ዕለት ግን ይህ ይቀራል፤ ሚስት ወደ ላይኛው ምድብ ስታልፍ ልጆቹ በእሷ ኬዝ ውስጥ አይኖሩም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ አይ-130 ያስፈልጋል። ኢንተርቪው ደርሶ እናት ቪዛ ተሰጥቷት ልጆች የቀሩበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አቅሙ ካለ ገና ከመነሻው ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ አስገቡ። ልጁ 21 ሊሞላው የቀረበ ከሆነ ደግሞ የዜግነቱ ቀን ወሳኝ ነው፤ ወላጁ ልጁ 21 ሳይሞላው ሲቲዝን ከሆነ የልጁ ዕድሜ በዚያ ቀን ይቆማል።

አሳይለም ወይም ስደተኛነት ያገኛችሁ ከሆነ ከዚህ ሁሉ የሚሻል መንገድ አላችሁ፦ የትዳር ጓደኛንና ልጆችን የሚያስመጣው አይ-730። ክፍያ የለውም፤ የስፖንሰር ገቢም አይጠየቅበትም። ግን አሳይለም ከተፈቀደበት ወይም ስደተኛው ከገባበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ትዳሩም ከዚያ ቀን በፊት የተፈጸመ መሆን አለበት። ወላጆችን አያካትትም። አሳይለም ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሥራና ስለ መንጃ ፈቃድ ነው፤ ሁለቱ ዓመት በዚያ መሀል ያልፋል።

እናትና አባት፦ ግሪን ካርድ ወይስ ጉብኝት?

ለወላጅ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት የሞላው ሲቲዝን ነው። የቁጥር ወረፋ የለውም፤ ክፍያውም ከትዳሩ ጋር አንድ ነው፣ በአንድ ሰው 1,305 ዶላር አካባቢ። አባትና እናት ለየብቻ ነው የሚገባላቸው። አብሯቸው የሚኖር የ15 ዓመት ወንድም ካለ በእናቱ ኬዝ ተንጠልጥሎ አይመጣም።

ከወረቀቱ በፊት ግን እማማን ራሳቸውን መጠየቅ ይገባል። የሚፈልጉት አራስ ጠይቀው፣ ገንፎ አገንፍተው፣ የልጅ ልጅ ስመው ለመስቀል ቤታቸው መግባት ከሆነ ግሪን ካርድ ሸክም ይሆንባቸዋል። ካርዱ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ከስድስት ወር በላይ ውጭ የቆየ ሰው ሲመለስ ይጠየቃል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ አስቀድሞ እዚህ እያለ ያወጣው የመመለሻ ፈቃድ ከሌለው ካርዱን ሊያጣ ይችላል። እድር፣ ማኅበር፣ ቤት፣ ጡረታ ያላቸው ወላጆች በየዓመቱ ካርዱን ለማዳን ሲሉ ክረምቱን ሜሪላንድ አፓርትመንት ውስጥ ተዘግተው ያሳልፋሉ። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ካልጣማቸው ካርዱን ያለ ክፍያ በአይ-407 ፎርም በፈቃዳቸው መልሰው በኋላ የጎብኚ ቪዛ መጠየቅ ይችላሉ።

ሕክምናውንም አስቡበት። ሜዲኬይድ በአብዛኛው ግዛት ለአዲስ ግሪን ካርድ ባለቤት የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት አይሰጥም። ሜዲኬርም ቢሆን እዚህ ሠርቶ ለማያውቅ የ65 ዓመት ሰው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ በክፍያ የሚገባበት ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን አባት ከማምጣታችሁ በፊት የኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቁ። ይህ ወጪ ከፎርሙ ክፍያ ይበልጣል።

በሌላ በኩል የጎብኚ ቪዛ 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ቆንስሉ ሕጉ እንደሚለው ሁሉም አመልካች ለመቅረት እንደሚመጣ አድርጎ ይነሳል፤ የሚመልሳቸው ነገር እንዳለ ማሳየት የእናትየው ፈንታ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ሦስት ወር የሚጸና ሆኗል። ይህ ማለት በሦስት ወር ውስጥ መግባት አለባቸው ማለት ነው። እዚህ የሚቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል። ቀኑ አይ-94 በተባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ኦንላይን ገብታችሁ እዩላቸው።

ቅደም ተከተልም አለው። አይ-130 አንዴ ከገባ «ልመለስ ነው» ማለት ይከብዳል፤ የጎብኚ ቪዛው ፎርም ላይም ይጠየቃል፤ መዋሸት የለም። ስለዚህ ሐሳባቸው ካልቆረጠ መጀመሪያ የጎብኚውን ሞክሩ። «በቪዚት ይግቡና እዚህ እንቀይራለን» የሚለውን ምክር በጥንቃቄ ስሙት። የሲቲዝን ወላጅ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ እዚህ ማመልከት ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለቆንስሉ እመለሳለሁ ብሎ፣ በልቡ ለመቅረት አስቦ የገባ ሰው የሐሰት መግለጫ ሰጥቷል ሊባል ይችላል፤ የዚህ ቅጣት የዕድሜ ልክ እገዳ ነው።

ወንድምና እህት፦ በቀጥታ ወይስ በእናት በኩል?

ሲቲዝን ለወንድሙ በቀጥታ ሲያመለክት ምድቡ ኤፍ4 ነው፤ ጥበቃው ከ15 ዓመት በላይ ነው። ጥቅሙ ወንድሙ ቢያገባም አይሰረዝም፤ ሚስቱንና ከ21 በታች ያሉ ልጆቹን ይዞ ይመጣል።

ሌላው መንገድ በእናት በኩል ነው። እናት ግሪን ካርድ ካገኙና በእርግጥ እዚህ የሚኖሩ ከሆነ፣ 21 ላልሞላውና ላላገባ ልጃቸው በኤፍ2ኤ፣ ለሞላው ላላገባ በኤፍ2ቢ ያመለክታሉ። ኤፍ2ቢ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል፤ ከኤፍ4 ግን ግማሽ ያህል ነው። ወንድምዬው በመሀል ካገባ ግን ኬዙ እዚያው ይሞታል፤ ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጅ ላገባ ልጅ ማመልከት አይችሉም። ወላጅ ሲቲዝን ከሆኑ በኋላ ያገባ እንደሆነ ምድቡ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። በአሥር ዓመት ውስጥ «አታግባ» ማለት ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ ዋጋውን አውቆ ይወስን።

ሁለቱንም ማስገባት ይፈቀዳል፤ እኔም የምመክረው እሱን ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዝም።

«የሟች ወንድሜን ልጅ የራሴ ልጅ ነው ብዬ ባስገባውስ?» ለሚለው መልሱ አይ ነው። ኤምባሲው የልደት ሰነዱ ዘግይቶ የወጣ ሲሆን፣ የእኛ አገር አብዛኛው ደግሞ እንዲያ ነው፣ የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ የሚጎዳው ልጁ ብቻ አይደለም። በሐሰት ጋብቻ የተያዘ ሰውም በኋላ እውነተኛ ትዳር ቢመሠርት እንኳ በቤተሰብ ማመልከቻ መምጣት አይችልም።

በአጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ማን ያመለክታል | የመንግሥት ክፍያ | ጥበቃ | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|
| ፊያንሴ፣ ኬ-1 | ሲቲዝን | 2,380 ዶላርና ከዚያ በላይ | የቁጥር ወረፋ የለም | ከተጋባችሁ ይወድቃል፤ ጉዳቱ በእጮኛዋ ላይ ነው |
| የሲቲዝን ሚስት ወይም ባል | ሲቲዝን | 1,305 ዶላር | የቁጥር ወረፋ የለም | ልጆች ለየብቻ ካልገባላቸው ይቀራሉ |
| ኤፍ2ኤ | ግሪን ካርድ ያለው | 1,305 ዶላር | ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ | የልጅ ዕድሜ፤ ዜግነት ሲመጣ የልጆች ኬዝ |
| አይ-730 | አሳይለም ያገኘ፣ ስደተኛ | የለም | ይለያያል | የሁለት ዓመቱ ገደብ |
| ወላጅ | ሲቲዝን፣ 21 የሞላው | 1,305 ዶላር በሰው | የቁጥር ወረፋ የለም | ሕክምና፤ ውጭ መቆየት |
| ጉብኝት | ራሳቸው | 185 ዶላር | የኢንተርቪው ቀጠሮ | መከልከል፤ አጭር ቆይታ |
| ወንድም በቀጥታ፣ ኤፍ4 | ሲቲዝን | 1,305 ዶላር | ከ15 ዓመት በላይ | ልጆቹ 21 ይሞላቸዋል |
| ወንድም በእናት፣ ኤፍ2ቢ | ግሪን ካርድ ያላት እናት | 1,305 ዶላር | ስምንት ዘጠኝ ዓመት | ካገባ ይሞታል |

ዲቪን እዚህ ያላስገባሁት ዕጣ ስለሆነ ነው፤ ዕጣ እቅድ አይሆንም። ለሚሞላ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ሲሞላ ካላካተታቸው ቢወጣለትም ይወድቃል።

እንደ ኪሳችሁና እንደ ሁኔታችሁ

ገንዘብ ያጠራቸውና እጮኛ ያላቸው ሲቲዝኖች አገር ቤት ሄደው በክብር መዝገብ ተጋብተው ይመለሱ፤ ሰርጉ ትንሽ ቢሆንም የምስክር ወረቀቱ አንድ ነው። በሥራ ምክንያት መሄድ የማይችሉ፣ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የተገናኙ፣ ኬ-1ን ያስቡ። በውክልና የተጋቡ ከዚያ በኋላ በአካል አብረው መሆናቸውን ማሳየት አለባቸው።

ገቢያቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ደግሞ ስፖንሰርነቱን አስቀድመው ያስሉ። ለኢሚግራንት ቪዛ የሚሞላው አይ-864 ከፌዴራል የድህነት መስመር 125 በመቶ ይጠይቃል፤ በ2025 መለኪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር፣ ለአራት ሰው 40,187 ነበር። መጪው ሰው ራሱ በቤተሰቡ ውስጥ ይቆጠራል። ፊያንሴው ቪዛውን ለማግኘት 100 በመቶ ይበቃዋል፤ ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ግን ያው 125 ይመጣል። ገቢው ካልሞላ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ወዳጅ አብሮ ይፈርማል። እዚህ ላይ «ፊርማ ብቻ ናት፣ ፈርምልኝ» ብሎ ጓደኛን መለመን ደግ አይደለም። ውሉ የመጣው ሰው ሲቲዝን እስኪሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት፣ አሥር ዓመት ገደማ፣ የሥራ ታሪክ እስኪኖረው ይጸናል። ፍቺ አያፈርሰውም። ፈራሚው ይህን አውቆ ይፈርም።

ማን ይሙላላችሁ?

አንድ ትዳር፣ ቀድሞ ፍቺ የሌለበት፣ ወንጀል የሌለበት፣ ቪዛ ያልተከለከለበት ኬዝ ከሆነ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ራሱ ሊሞላው ይችላል። ኦንላይን አካውንት ስሙ በአመልካቹ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉን ለፎርም ሞይ ሰጥታችሁ አትርሱት። ከዚህ ወጣ ያለ ነገር ካለ ጠበቃ፣ ወይም በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የተሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካይ ዘንድ ሂዱ፤ የኋለኛው ብዙ ጊዜ በትንሽ ክፍያ ነው። የታክስ ቢሮ ጥግ ተቀምጦ ፎርም የሚሞላ ሰው እናንተ የነገራችሁትን መጻፍ ይችላል፤ የቱን ምድብ እንደምትመርጡ መምከር ግን በሕግ አይፈቀድለትም።

ማንም ይሙላው፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። አንዱ ቀኑ ነው። ሚያዝያ 1998 በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ልጅ በፎርሙ ላይ ኤፕሪል ወይም ሜይ 2006 ነው፤ 1998 ተብሎ ከገባ ልጁ ወረቀት ላይ ስምንት ዓመት አርጅቶ ከ21 ያልፋል። ሁለተኛው የአባት ስም ፊደል ነው። አባት ፓስፖርት ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ልጅ የዜግነት ምስክር ወረቀት ላይ በሌላ አጻጻፍ ከሆኑ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የክርስትና ካርድ፣ የድሮ ፎቶና የሐዋላ ደረሰኝ ሰብስባችሁ አያይዙ። የአማርኛ ሰነድ ሁሉ ለኢሚግሬሽን ተተርጉሞ ይገባል፤ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ጽፎ ከፈረመ ይበቃል፤ ፈቃድ ያለው ቢሮ መሆን የለበትም።

እህታችሁ ጅዳ ወይም ቤይሩት ከ16 ዓመቷ በኋላ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሠርታ ከነበረ ከዚያም አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ይህ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማምጣቱ ወራት የሚወስድ ስለሆነ ኢንተርቪው እስኪቀጠር አትጠብቁ፤ አይ-130 የጸደቀ ዕለት ጀምሩት።